ከዱቡሻው ምርጫ ጣቢያ፣ ተራ ቁጥር አንድ

ሁለት ሺህ ሰባት ላይ፣ ምርጫ ሊደርስ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ሴቻ ሰፈር ያለው መሥሪያ ቤታችን ለሚያወጣው መጽሔት አንድ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። አለቃዬ ‹‹ያ ደጋ ላይ የነበረው የምርጫ ጣቢያ ከታችኛው ጋር ተቀላቅሎ ተዘግቷል አሉ። አንቺ ኃላፊዋ ነበርሽ አይደል? ታሪኩን በሁለት ገጽ አምጪልኝ። መቼ ተቋቋመ፣ ለምን ተዘጋ፣ አለቀ። ልብ ወለድ እንዳትጽፊብኝ!›› ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ቤት ገብቼ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አሮጌ ሻንጣ አወረድኩ። ውስጡ በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ጊዜ የመራጮችን ስም ያረቀቅሁበት የተማሪ ደብተር አለ። ዋናውን መዝገብ ያኔውኑ አስረክቤያለሁ፤ ይህ የራሴ ነው። ስም እንዳላበላሽ መጀመሪያ በእርሳስ እጽፍበት ነበር፤ በምርጫው ዕለት ደግሞ ድምፅ በሰጠው ሰው ስም አጠገብ ጭረት አደርግበት ነበር። ስገልጠው ዓይኔ የሄደው እዚያው የማውቀው ቦታ ነው፤ የመጀመሪያው ገጽ፣ የመጀመሪያው መስመር፣ ተራ ቁጥር አንድ። ስም አለ፣ ዕድሜ አለ፣ ጭረት የለም። በገጹ ላይ ጭረት የሌለው እሱ ብቻ ነው። ደብተሩን አሥር ዓመት ሙሉ ያልጣልኩትም ያልከፈትኩትም በዚያ ባዶ ቦታ ምክንያት ነው።

በዘጠና ሰባት የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት አስተማሪ ነበርኩ። ሴቻ ተወልጄ ያደግሁ የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ ነኝ። አባቴ ከጎጃም በዝውውር መጥቶ እዚሁ ጡረታ የወጣ፣ ‹‹ሕግ አንዴ ለዘመድ ካጎነበሰ ወገቡ አይቃናም›› የሚል ሰው ነበር። ደንብ መውደዱንም ቁጣውንም ሳያጓድል አወረሰኝ። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ከላንቴ የሙዝ ማሳ በላይ፣ ሽቅብ ሲወጡት ጉልበት የሚፈታ ደጋ ላይ ነው። ሁለት ዓመት ኖሬበት ጋሞኛዬ ከሰላምታና ከ‹ዝም በሉ› አላለፈም ነበር።

የምርጫ ክልላችን ቆላውንና ደጋውን አንድ ላይ ያሰረ ነው። ደጋው የራሱ ጣቢያ ስላልነበረው መምረጥ የፈለገ ሁሉ ቆላ ይወርዳል፤ መውረዱስ ይሁን፣ መመለሱ ነው ችግሩ። ስለዚህ ሽማግሌውና ነፍሰ ጡሯ ሁልጊዜ ይቀራሉ። ለዘጠና ሰባቱ ምርጫ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ‹‹ለእናንተም ጣቢያ ተፈቅዷል›› የተባለው። እኔ ኃላፊ ሆንኩ፤ ቦታውንም ራስሽ ምረጪ ተባልኩ።

ትምህርት ቤቱን አልፈለግሁትም። የሁለት ክፍሎች ቆርቆሮ በንፋስ ተገንጥሎ የቀሩት ክፍሎች በተሰባበረ ወንበር ተሞልተው ነበር። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ግን ዱቡሻው አለ። ዱቡሻ የሚሉት የአገሬው ሰው የሚሰበሰብበትን፣ ነገር የሚያይበትን፣ የሚመራረቅበትን ሜዳ ነው። ዙሪያውን ዝቅ ያለ የድንጋይ ካብ አለው፤ መካከሉ ላይ ትልቅ ዝግባ ቆሟል። ጥላ አለው፣ ሰፊ ነው፣ ንጹሕ ነው። ማንንም ሳልጠይቅ ቅጹ ላይ ጻፍኩና ወደ ከተማ ላክሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው።

ምዝገባው በተጀመረ ጠዋት፣ ገና ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ጠረጴዛዬን ሳላደላድል፣ አንድ ሽማግሌ በከዘራ እየተደገፉ መጡ። ሸማኔ የነበሩ፣ ዓይናቸው ሲደክም ሥራውን የተዉ፣ ጠብ በተነሣ ቁጥር የሚጠሩ የአገር አስታራቂ ናቸው። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፤ እኔንም ‹አንተ› ነበር የሚሉኝ።

‹‹አስተማሪ፣ እኔን አንደኛ ጻፍ›› አሉኝ። ‹‹በጃንሆይ ጊዜ ‹መርጠንልሃል› አሉኝ። በደርግ ጊዜ ‹እጅ አንሣ› አሉኝ፣ አነሣሁ። አሁን በወረቀት ላይ ራስህ አድርግ አሉ። በዚህ ጣት አንድ ቀን አድርጌ ልሙት።››

ጣታቸውን አሳዩኝ። ደስ ብሎኝ ተራ ቁጥር አንድ ላይ ጻፍኳቸውና ካርዳቸውን ሰጠኋቸው። ካርዱን በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው ሊሄዱ ሲሉ፣ ረዳቴ የነበረው የአገሩ ተወላጅ አስተማሪ ምርጫው የሚካሄደው ዱቡሻው ላይ እንደሆነ ነገራቸው። ሽማግሌው ተመለሱ።

‹‹አስተማሪ፣ እዚያ አታድርግ፤ ትምህርት ቤት አድርግ። ዱቡሻ ውስጥ የተጣላ ሰው ሳይታረቅ አይገባም። ከገባ ጎሜ ነው። ዝናብ ይከለክላል፣ ከብት ይጨርሳል።››

ከኋላቸው የቆመው ሰው ሁሉ ይሰማል። ቅጹ ሄዷል፤ ቦታውን ለመቀየር እንደገና ከተማ ወርጄ ‹‹ተሳስቻለሁ›› ማለት ሊኖርብኝ ነው። ያን ቃል ከማወጣ ሞቴን እመርጥ ነበር። ስለዚህ ድምፄን ከፍ አድርጌ ‹‹አባባ፣ ይህ የሕግ ሥራ ነው። በሣርና በዛፍ አይመራም›› አልኳቸው።

ረዳቴ አንገቱን ደፋ። በዚያ አገር ሰዎች ዱላ ተማዝዘው ሊጋደሉ ሲሉ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ መካከላቸው ከገባ ዱላው ይወድቃል። ያን ሣር ነው የሰደብኩት። አላውቅም ነበር ብል ደስ ባለኝ፤ ግን አውቅ ነበር። ሁለት ዓመት እዚያ የኖረ ሰው እንዴት አያውቅም? ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል። ሽማግሌው ከዘራቸውን አንሥተው ሄዱ።

የምርጫው ጠዋት ጉም ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ባዶውን ሳጥን ለሁለቱ ተፎካካሪ ወገኖች ታዛቢዎች አሳየሁ፤ አሸግሁት፤ ዝግባው ሥር አስቀመጥኩት። ታዛቢዎቹ ግራና ቀኝ ተቀምጠው እንደ ጣውንት ይተያያሉ። ጉሙ ሲገለጥ ሰዉ በየአቅጣጫው ሲመጣ ታየኝ። ነጠላ ለብሰው፣ ልጅ አዝለው፣ አቅመ ደካማ ደግፈው፣ አገሩ ሁሉ ወጥቷል። ልቤ በኩራት ሞላ። ሰዉ ግን ካቡ ጋ ሲደርስ ቆመ።

አንድ ሰዓት ሆነ፤ ማንም አልገባም። ሁለት ሰዓት ሆነ። ቆሜ ‹‹ግቡ እንጂ!›› ብዬ ጮኽኩ። ዞር ብሎ ያየኝ እንኳ ጥቂት ነው። የግራው ታዛቢ ‹‹አስፈራርተዋቸው ነው›› አለ ወደ ቀኙ እያየ። የቀኙ ‹‹እናንተ ናችሁ ያሳደማችሁት›› አለ። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። የዚያን ሰሞን አገሩ ሁሉ በክር ላይ የቆመ ነበር፤ አንድ ጣቢያ ሰው ሳይመርጥ ዋለ ከተባለ ኃላፊው ምን እንደሚባል ማንም አይስተውም።

ረዳቴን ‹‹ሂድና ምን ሆነው እንደሆነ ጠይቅ›› አልኩት። ሄዶ ቆየና መጣ።

‹‹እየታረቁ ነው›› አለኝ።

‹‹ምን እያደረጉ?››

‹‹ጠብ ይዘው አይገቡማ። ዱቡሻ ነው። የተጣላው ሁሉ ካቡ ሥር እየታረቀ ነው። እስኪያልቅ ሌላውም አይገባም።››

‹‹ስንት ጠብ ነው ያለው?››

‹‹የአገር ጠብ ነዋ፣ እትዬ›› አለኝ።

ሳጥኑን ወደ ትምህርት ቤት ላዙረው አልኩ። የግራው ታዛቢ ‹‹የታሸገ ሳጥን ከተነቃነቀ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ›› አለ። ትክክል ነው፤ ደንቡ እንደዚያ ይላል፤ እኔ ራሴ ነኝ አንድ ቀን ሙሉ ያሠለጠንኳቸው። ምርጫው ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ይዘጋል። ያለን ምርጫ መጠበቅ ብቻ ነው።

ተቀምጬ አየሁ፤ የሚባለውን ረዳቴ ይተረጉምልኛል። ካቡ ሥር፣ መካከል ላይ የቆሙት እኚያ ሽማግሌ ናቸው፤ እጃቸው ላይ እርጥብ ሣር አለ። አንዱ ድንበር ገፍቶብኛል ይላል፤ ያስታርቃሉ። የአንዷ ፍየል የአንዷን እንሰት በልታለች፤ ያስታርቃሉ። ልጄን ያለ ፈቃዴ አገባ የሚል አባት ከአማቹ ጋር ሦስት ዓመት አልተነጋገረም ኖሯል፤ እሱ ብቻ አንድ ሰዓት ፈጀ። ቀስ ብለው ይሰማሉ፤ አይቸኩሉም። እኔ ሰዓቴን እያየሁ ከንፈሬን እነክሳለሁ። አምስት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት፣ ሰባት ሰዓት። ነፍሰ ጡሮቹ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠዋል። ፀሐይ ወጥታ መልሳ በደመና ተሸፈነች። የቀኙ ታዛቢ ‹‹ቦታውን ማን መረጠው?›› ብሎ ጠየቀና መልሱን ከቅጹ ላይ አንብቦ ስሜን በማስታወሻው ጻፈ።

ከሰባት ሰዓት ጥቂት ሲያልፍ ሽማግሌው ካቡ አፋፍ ላይ ቀርበው ‹‹አልቋል። አንድ ቀረ›› አሉ።

‹‹የማን ነው የቀረው?›› አልኩ።

ሽማግሌው ራሳቸው መለሱልኝ። ‹‹የአንተና የእኔ።››

ፊቴ ነደደ። መጀመሪያ የመጣብኝ ቁጣ ነው፤ አልዋሽም። ይህን ሁሉ ሕዝብ ይዘው ሊያዋርዱኝ ነው አልኩ በልቤ። ከተቀመጥኩበት ‹‹እሺ፣ ይቅርታ አባባ፣ ይግቡ›› አልኩ። አንዲት ሴት ከሰዉ መካከል ሳቀች። ረዳቴ በጆሮዬ ‹‹ከወንበር ላይ አይሆንም፤ ወጥተሽ፣ ተንበርክከሽ ነው›› አለኝ። ይኼኔ የግራው ታዛቢ ብድግ አለ። ‹‹ኃላፊዋ ለመራጭ ከተንበረከከች ገለልተኛ አይደለችም። እቃወማለሁ!›› የቀኙም ‹‹እኔም›› አለ። ቀኑን ሙሉ የተስማሙበት ነገር ይህ ብቻ ነበር።

ባልወጣ ሳጥኑ ባዶውን ይወርዳል። ብወጣ ተቃውሞ ይጻፍብኛል። አባቴ ስለ ሕግ ወገብ የሚለው ትዝ አለኝ። ከዚያ ድንጋዩ ላይ የተቀመጡትን ሴቶች አየሁ፤ ለዚህች ቀን ስንት ዓመት ጠብቀው እኔ በመረጥኩት ሜዳ ደጃፍ ተገትረዋል። ባጄን ከአንገቴ አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ረዳቴን ‹‹እስክመለስ ኃላፊው አንተ ነህ፤ ሰዓቱን ጻፍ፤ እነሱም ይፈርሙ›› አልኩት። ታዛቢዎቹ ተያዩ፤ ደንቡ ውስጥ የሚከለክል አላገኙም። ካቡን አልፌ ወጣሁ፤ ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ።

‹‹አባባ፣ ሣሩን ሰድቤአለሁ። አጥፍቻለሁ፣ ይማሩኝ›› አልኩ። ከሥልጣን ወንበር ላይ ሲሉት የሚቀለው ቃል ጭቃ ላይ ሲሆን ይከብዳል።

ከሣሩ ከፍለው በእጄ አስያዙኝ። ‹‹እኔም ተቆጥቼ ነበር። አሁን የለም›› አሉ። ‹‹ከዛሬ በኋላ ይህን ነገር ያነሣ ሰው፣ ጎሜ ነው።›› ሰዉ በአንድ ድምፅ አጸና። ከዚያ እንደ ውኃ ገባ።

አምስት ሰዓት ያህል ብቻ ነበረን። ጎንበስ ብዬ ስም ስፈልግ፣ ስጭር፣ ወረቀት ስሰጥ፣ ረዳቴ ጣት በቀለም ሲነክር ጊዜው ሮጠ። በየመካከሉ ቀና ስል ሽማግሌው ካቡ በር ላይ ሣራቸውን ይዘው ቆመዋል። ‹‹ተራ ቁጥር አንድ እርስዎ ነዎት፤ ይግቡ እንጂ!›› ብዬ ሁለት ጊዜ ጠራኋቸው።

‹‹ያስታረቀ ሰው መጨረሻ ይገባል›› አሉኝ። ‹‹ሰልፍ ላይ ሰው ቢጣላስ? ሁሉ ይግባ። እኔ ቅርብ ነኝ።››

አሥራ ሁለት ሰዓት ሞላ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ በዚያች ሰዓት ሰልፍ ላይ ያለ ሁሉ ይመርጣል፤ ከዚያ በኋላ የመጣ አይመርጥም። ረዳቴ ከመጨረሻዋ ሴት ኋላ ሄዶ ቆመ። ሴትዮዋ የሽማግሌው ልጅ ናት፤ ከተማ ወርዳ ሲቀላ ገበያ ቅቤ የምትሸጥ፣ ከእኔ ጥቂት የምትበልጥ። ‹‹ሰልፉ ተዘግቷል!›› ብዬ ተጣራሁ። ሽማግሌው ያን ጊዜ ከበሩ ውጭ ነበሩ፤ በሰልፍ ተጋፍተው መርጠው ሲወጡ የተያያዙ ሁለት ጎልማሶችን እያረጋጉ ነበር። ጨርሰው፣ ሣሩን ካቡ ላይ አስቀምጠው፣ የጋቢያቸውን ቋጠሮ እየፈቱ መጡ። ካርዱን ዘረጉልኝ። ሰዓቴን አየሁ። አራት ደቂቃ አልፏል።

የግራው ታዛቢ ‹‹ሰዓት አልፏል›› አለ። የቀኙ የራሱን ሰዓት አየና ‹‹አዎ፣ ሰዓትስ ሰዓት ነው›› አለ።

‹‹አባባ፣ ሰልፉ ውስጥ አልነበሩም›› አልኳቸው።

‹‹እዚያ ነበርኩ። አንተ አይተኸኛል።››

‹‹አይቼዎታለሁ። ሰልፉ ውስጥ ግን አልነበሩም።››

ልጃቸው ‹‹በእኔ ቦታ ይግባ፤ እኔ ይቅርብኝ›› አለች። ቦታ ለሌላ ሰው አይተላለፍም አልኳት። ረዳቴ ‹‹እትዬ፣ እባክሽ›› አለኝ። ዓይኑን አላየሁም። ቀን አንድ ጊዜ ጎንብሻለሁ፤ ሁለተኛ ብጎነብስ ቃለ ጉባኤው የቀኑን ድምፅ ሁሉ ይዞ ይሄዳል ብዬ ፈራሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ፍርሃት ብቻ አልነበረም። አስቀድመው ያንበረከኩኝን ሰው በሕግ አሸንፌ መቆሜ ውስጤን የሆነ ቦታ ደስ አሰኝቶት ነበር። ይህን ለመጻፍ አሥር ዓመት ፈጅቶብኛል።

ሽማግሌው ካርዱን መልሰው ቋጠሩት። ‹‹ሥራህን ሠርተሃል›› አሉኝና ሄዱ። ይቅርታ ይሁን ወቀሳ፣ አላወቅሁም። በዓመቱ ወደ ሴቻ ተዛወርኩ። ከሁለት ሺህ ሁለቱ ምርጫ በፊት ማረፋቸውን ሰማሁ፤ ለልቅሶ እንኳ አልወጣሁም።

ለመጽሔቱ ብዬ ሁለት ሺህ ሰባት ላይ ወጣሁ። መንገድ ገብቷል፤ በመኪና ደረስኩ። ያ ረዳቴ ርዕሰ መምህር ሆኖ ጠበቀኝ። ጣቢያው የተዘጋበትን ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገረኝ፤ መንገድ ስለገባ ሰው ቆላ ወርዶ መመለስ አይከብደውም። ጽሑፌ እዚያው አለቀ። ‹‹ዛሬ ስብሰባ አለ፤ ዱቡሻውን አይተሽው ሂጂ›› አለኝ።

ካቡ በር ላይ ስደርስ እግሬ እምቢ አለ። ውስጥ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው፣ ልማዱ ነውና ስብሰባው ሳይጀመር ‹‹ጠብ ያለው አለ?›› እያሉ ይጠይቃሉ። አቤት ያለ የለም። እጄ ሲነሣ ራሴም ደነገጥኩ።

‹‹እኔ አለብኝ›› አልኩ።

‹‹ከማን?››

የሽማግሌውን ስም ጠራሁ። ‹‹እሱ ሞቷል›› አሉኝ። አውቃለሁ አልኩ። ተመካከሩና ልጃቸውን አስጠሩ። ፀጉሯ ሸብቷል። አንድ እፍኝ ሣር ነቅላ ይዛ ወጣችና ፊቴ ቆመች።

‹‹ያን ቀን ቤት ሲገቡ ምን አሉ?›› ብዬ ጠየቅኳት።

‹‹ምንም አላለም። አገሩ ሁሉ ጣቱ በቀለም ጠቁሮ ሰነበተ። የአባቴ ጣት ንጹሕ ነበር። ገበያ ሲወጣ እጁን ጋቢው ውስጥ ይከታል።››

‹‹ለምን?››

‹‹ሰው ካየው ‹ለምን ቀረህ?› ይለዋል። ያን ጊዜ ያንቺን ስም ሊጠራ ነው። ታርቀናል፣ ነገሩን ያነሣ ጎሜ ነው ብሏል። ቀለሙ ከሰዉ ጣት እስኪጠፋ እንዲያው ደበቀ።››

ተንበረከክሁ። አለቀስኩ፤ ድምፅ አውጥቼ ነው ያለቀስኩት። ሣሩን በእጄ አስያዘችኝ። ‹‹እኔም ተቆጥቼ ነበር፣ አስተማሪ። አሁን የለም›› አለችኝ። የአባቷ ቃል ነው። ከዚያ ካቡን አልፌ ገባሁ፤ ዝግባው ሥር ተቀመጥኩ።

ለአለቃዬ ሁለቱን ገጽ ሰጠሁት። መቼ ተቋቋመ፣ ለምን ተዘጋ፤ እንዳለኝ ነው የጻፍኩት፣ ልብ ወለድ የለበትም። ደብተሩን ወደ ሻንጣው ከመመለሴ በፊት እርሳስ አንሥቼ ተራ ቁጥር አንድ ላይ ጥቂት ቆየሁ። ጭረት ግን አላደረግሁም። ታርቀናል፣ ልጃቸው ምራኛለች፤ እሳቸው ግን አልመረጡም።